ያረጀ ኮምፒውተር ቶሎ እንዲነሳ፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለታችሁ በፊት

ታላቅ እህቴ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው የምትኖረው። መምህርት ናት። የፈተና ጥያቄ የምታወጣበት ላፕቶፕ አሥር ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ስሄድ የላፕቶፑን ማብሪያ ተጫነችና ቡና ልትቆላ ተነሳች። «እስኪነሳ ቡናው ይደርሳል» አለችኝ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩ። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ እስኪመጣ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። የጥያቄው ፋይል ተከፍቶ መጻፍ እስኪቻል ደግሞ ሌላ 4 ደቂቃ ሄደ።

«እታለም፣ ጥገና ቤት አልወሰድሽውም?» አልኳት። ወስዳዋለች። «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ ተባለ፤ ተደረገ። ሁለት ወር ያህል ደህና ሠራ። ከዚያ ተመልሶ እዚያው። የልጆቿ የሕፃንነት ፎቶ ግን አብሮ ጠፋ። «ውስጡ የምትፈልጊው ፋይል አለ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ፎቶ ነው። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ፎርማትን ነው። እኔ መጨረሻ ላይ አስቡት እላለሁ። አሮጌ ኮምፒውተር ለመነሳት የሚዘገይበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አይወጣም። አንዱ አብረውት የሚነሱ ፕሮግራሞች መብዛታቸው ነው። ሌላው የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። የመጀመሪያውን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በነጻ ታስተካክላላችሁ። ሁለተኛው ትንሽ ወጪ አለው። የምናገረው በዊንዶውስ 10 ላይ ነው፤ ዊንዶውስ 7 የሚለይበት ቦታ ሲደርስ እጠቅሳለሁ።

መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፎቶውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሰነዱን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጡ። ብዙ ሰው «ዲ» በሚባለው የዲስክ ክፍል ላይ ያለውን ብቻ ያስባል። ዴስክቶፕ ላይ የምታዩት ፋይልና ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ግን የሚቀመጠው «ሲ» ላይ ነው። ፎርማት ሲደረግ የሚጠፋውም «ሲ» ነው። የእህቴ ፎቶ የነበረው ዴስክቶፕ ላይ ነው።

ሰዓት ያዙ

ኮምፒውተሩን አጥፉና በስልካችሁ ሰዓት ይዛችሁ አብሩት። ሦስት ልኬት ጻፉ። አንደኛው ማብሪያውን ከተጫናችሁ እስከ ዊንዶውስ ምልክት ያለው ነው። ሁለተኛው ከምልክቱ እስከ ይለፍ ቃሉ ገጽ። ሦስተኛው ይለፍ ቃሉን ከጻፋችሁ በኋላ የምትፈልጉት ፕሮግራም በትክክል ሥራ እስኪጀምር።

አንደኛው ከረዘመ ዊንዶውስ ገና ሥራ አልጀመረም። ችግሩ ከእሱ በፊት ስለሆነ አሥር ጊዜ ፎርማት ብታደርጉት አይነካውም። ሁለተኛው ከረዘመ ዲስኩን ጠርጥሩ። ሦስተኛው ከረዘመ አብረው የሚነሱት ፕሮግራሞች ናቸው፤ ዲስኩም ያግዛቸዋል።

ሦስተኛው ላይ ሳላችሁ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ጠባብ መስኮት ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ፣ ትእዛዝ የሚያስኬደው ክፍል)፣ ሜሞሪ (ራም፣ የተከፈተ ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት) እና ዲስክ ምን ያህል እንደተያዙ በመቶኛ ታያላችሁ። ዲስኩ 100 ላይ ቆሞ ሲፒዩው 10 እና 15 ላይ ከሆነ፣ ሲፒዩው ሥራ ፈቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። የእህቴ ላፕቶፕ እንዲህ ነበር።

እግረ መንገዳችሁን የዲስኩን ጤና እዩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ተዉት። ፋይላችሁን አውጡና ዲስኩን ቀይሩ። እየሞተ ያለን ዲስክ ዲፍራግ ማድረግ (የተበታተኑ ፋይሎቹን እንደገና ማደራደር) ወይም ደጋግሞ ማስፈተሽ ሞቱን ያፋጥነዋል።

አብረው የሚነሱትን ቀንሱ

ታስክ ማኔጀር ላይ «ስታርትአፕ» የሚል ገጽ አለ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ማንም ሳይጠራቸው የሚነሱት ፕሮግራሞች እዚያ ተዘርዝረዋል። በቀኝ በኩል እያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚጎትት «ሃይ»፣ «ሚዲየም» ወይም «ሎው» ተብሎ ተጽፏል። የማትፈልጉት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጉና «ዲሴብል» በሉት። አትፍሩ፣ ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም። ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ከተጸጸታችሁም በዚያው ቦታ «ኢኔብል» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።

እህቴ ጋ 14 ፕሮግራም ነበር። ቴሌግራም አለ፣ አይዲኤም አለ፣ ዩቶረንት አለ፣ ቲምስ አለ። አገልግሎቱ በ2017 ዓ.ም. የተዘጋው ስካይፕም አለ። ከዓመታት በፊት የተሸጠ ፕሪንተር ፕሮግራም እንኳ ጠዋት ጠዋት ይነሳ ነበር። አምስቱ ብቻ እንዲነሱ ተውንና ሌላውን ሁሉ «ዲሴብል» አልነው።

የማይነኩ አሉ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ተዉት። ሪልቴክ የሚለው የድምፅ ነው፤ ሲናፕቲክስ የሚለው የላፕቶፑ ጣት መዳሰሻ ነው፤ ተዉአቸው። የአማርኛ መጻፊያችሁንም አትርሱ። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪይማን የምትጠቀሙ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር ቢነሳ ይሻላል፤ ክብደቱም ትንሽ ነው። እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው፦ «አማርኛው እንዳይጠፋብኝ!»

ዋንድራይቭን ከማጥፋታችሁ በፊት አስቡበት። ፋይላችሁ በእሱ በኩል ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ተዉት። ከፍታችሁት የማታውቁ ከሆነ ግን አጥፉት።

አንዳንድ ፕሮግራም ተመልሶ ራሱን ያስገባል። እሱን ከራሱ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ማስቆም አለባችሁ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ግቡና ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲነሳ የሚያዘውን ምልክት አንሱ። ክሮም ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም ግቡ። ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅደውን አጥፉ። ኤጅ ላይ ደግሞ «ስታርትአፕ ቡስት» የሚለውን አጥፉ።

ዊንዶውስ 7 ላይ ይህ ዝርዝር ታስክ ማኔጀር ውስጥ የለም። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ተጫኑ። በሚመጣው ሳጥን «ኤምኤስኮንፊግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ክፍተት ሳትተዉ ጻፉ። «ስታርትአፕ» በሚለው ገጽ ከማትፈልጉት ፊት ያለውን ምልክት አንሱ። እዚያው «ቡት» የሚል ገጽ አለ። የፕሮሰሰሩን ቁጥር ከፍ አድርጉ፣ ኮምፒውተሩ ይፈጥናል የሚሉ ቪዲዮዎች አይታችሁ ይሆናል። እውነት አይደለም። ዊንዶውስ ያለውን ፕሮሰሰር ሁሉ ሳትነግሩት ይጠቀማል። ያንን ገጽ አትንኩት።

«ኮምፒውተር አፍጣኝ» እየተባሉ የሚወርዱ ፕሮግራሞችንም አልመክርም። የመጀመሪያ ሥራቸው ራሳቸውን ስታርትአፕ ውስጥ ማስገባት ነው። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ መጫንም እንደዚያው ነው። ሁለቱም አንዱን ፋይል እየተሻሙ ይፈትሹታል። አንዱን አስወግዱ።

ስታርትአፕ ውስጥ «ስክሪፕት ሆስት» የሚል ነገር ካያችሁና ራሳችሁ ያስገባችሁት ካልሆነ፣ የፍላሽ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ስትሰኩ ፎልደሮቹ ወደ ሾርትከት የሚቀየሩበት ያ ቫይረስ። ከትምህርት ቤት፣ ከፎቶኮፒ ቤት፣ ከየትም ይመጣል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ግቡ። «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው። ፍላሾቻችሁንም አስፈትሹ። አለበለዚያ በማግስቱ ተመልሶ ይገባል።

ፋስት ስታርትአፕ

ይህ ምርጫ ሲበራ ዊንዶውስ 10 ሲጠፋ የራሱን ዋና ክፍል ዲስኩ ላይ ጽፎ ይተኛል። በማግስቱ ከዜሮ ከመጀመር ያንን አንብቦ ይነሳል። ሃርድ ዲስክ ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ኮንትሮል ፓነል ከፍታችሁ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ። በግራ በኩል ስለ ማጥፊያው ቁልፍ የሚያወራውን መስመር ንኩ። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ከላይ ጋሻ ያለበትን ሰማያዊ ጽሑፍ ስትነኩ ይከፈታል። «ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ» ፊት ምልክት አድርጉና አስቀምጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሲበራ «ሸት ዳውን» ሙሉ ማጥፋት አይደለም። ኮምፒውተሩ ሲያስቸግር ሙሉ በሙሉ አዲስ እንዲነሳ የሚያደርገው «ሪስታርት» ነው።

«ሲ» ዲስክ ሞልቶ መስመሩ ቀይ ከሆነም ዲስክ ክሊንአፕ ከፍታችሁ ቦታ አስለቅቁ። ፊልሙን ወደ ሌላ ቦታ አውጡት።

አንደኛው ልኬት ከረዘመ

ይህ ከዊንዶውስ በፊት ያለው ነው። መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ወይም ሲዲ ካለ አውጡ። ኮምፒውተሩ ከእሱ ለመነሳት እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቀኑን እዩ። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ከተመለሰ፣ ወይም ጥቁር ገጽ ላይ «ኤፍ 1 ተጫኑ» ብሎ ከቆመ፣ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ትንሽ ባትሪ አልቋል። ቀኑ ሲዛባ ድረ ገጾችም «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አንከፈትም ይላሉ። ሰው ኢንተርኔቱን ይራገማል፤ ጥፋቱ ግን የባትሪው ነው።

ባትሪው ክብ፣ ሳንቲም የሚመስል፣ 3 ቮልት ነው። ላዩ ላይ ሲአር 2032 ተብሎ ተጽፎበታል። ዴስክቶፕ ላይ መቀየር ቀላል ነው። ገመዱን ነቅላችሁ ጎኑን ክፈቱ፤ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አዲሱን አስገቡ። ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ በሽቦ የተያያዘ ስለሆነ ባለሙያ ይሥራው። ባትሪው ሲወጣ ግን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ባዮስ ውስጥ ግቡና እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት። እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ሲበራ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት በመጫን ይገባል። በተለይ የሳታ (ዲስኩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ) አሠራር «ኤኤችሲአይ» ይሁን «አይዲኢ» ጻፉት። እሱ ከተቀየረ ዊንዶውስ አልነሳም ሊል ይችላል። እዚያው ሳላችሁ በ«ቡት» ቅደም ተከተል ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ መጀመሪያ አድርጉት፤ ከኔትወርክ መነሳትን አጥፉት።

ትልቁ ለውጥ፦ ኤስኤስዲ

እስካሁን ያለውን አድርገን የእህቴ 7 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወደ 5 ደቂቃ ወረደ። ደስ ብሏታል፤ እኔ ግን አልረካሁም። ሁለተኛው ልኬት ብዙም አልተነቃነቀም። ያ ዲስኩ ነው።

የድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው። ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ ዴስክቶፕ ላይ 7,200። ለእያንዳንዱ ፋይል የማንበቢያ ጭንቅላቱ ቦታውን ፈልጎ መድረስ አለበት፤ በአንድ ፍለጋ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚያነበው አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይል ነው። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣውን ማገዶ አስቡት። ታንኳው ሞልቶ ከመጣ ጉዞው ያዋጣል። ለእያንዳንዷ ፍልጥ አንድ አንድ ጊዜ ጣናን አቋርጥ ቢባል ግን ቀኑ አይበቃም። ሃርድ ዲስክ የሚደክመው እንደዚህ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም። ፍለጋው ከአንድ ሚሊሰከንድ እጅግ ያነሰ ነው።

ለአሮጌ ላፕቶፕ የምትፈልጉት 2.5 ኢንች ባለ ሳታ ኤስኤስዲ ነው። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለቤት ይበቃል። ላፕቶፑ አሮጌ የሳታ ዓይነት ቢኖረውም ይሠራል፤ የመነሻው ልዩነት እንደሆነ አይቀርም። ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ አስሰክታችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለው የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። አዲስ ከሆነ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆን አለበት። ሺህ ቤት ከሆነ ያገለገለ ነው። መጠኑ የውሸት የሆነ ዕቃም አለ። ቤት ወስዳችሁ፣ ባዶ ሳለ፣ «ኤች 2 ቴስት ደብልዩ» በሚባል ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን አስሞሉት። የተጻፈውን መልሶ ማንበብ ካልቻለ የውሸት ነው። ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዊንዶውስን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው መገልበጥ ይቻላል። ለዚህ የሚሆነው ክሎንዚላ የሚባል ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ግን አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እንዲያንስ አይፈልግም። የእህቴ አሮጌ 500 ጊጋባይት ስለነበር አዲስ ዊንዶውስ መጫን መረጥን። ለዊንዶውስ መጫኛው ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል። የሚወርደው ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትጀምሩት፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሁን። ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራ ከነበረ ዲስክ ስትቀይሩ ፈቃዱ አይጠፋም፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው።

ዲስኩን የመቀየሩ ሥራ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። እጃችሁን ብረት አስነኩ። ከታች ያለውን ክዳን ክፈቱ፤ ብሎኖቹን በየቦታቸው ወረቀት ላይ ደርድሩ። አሮጌው ዲስክ ትንሽ የብረት ማቀፊያ ውስጥ ነው። ወደ ጎን ጎትታችሁ አውጡት፣ ማቀፊያውን ለአዲሱ አድርጉለት፣ ገፍታችሁ ሰኩት። ዴስክቶፕ ከሆነ አሮጌውን ሳታስወግዱ አዲሱን ከጎኑ መጨመር ትችላላችሁ። ግን ዊንዶውስ ስትጭኑ የአሮጌውን ገመድ ንቀሉ። ሁለቱ ተሰክተው የተሳሳተውን ፎርማት ያደረገ ሰው አውቃለሁ።

የዊንዶውስ 10 ነጻ የደህንነት ማሻሻያ በመደበኛነት ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አብቅቷል። አሮጌ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም። ሥራችሁ ኢንተርኔት፣ ቴሌግራምና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢን ሞክሩ። ነጻ ነው፣ አማርኛ ይጽፋል፣ ከፍላሽ ላይ ሳትጭኑት ልታዩት ትችላላችሁ።

ራም ላይ አጭር ልበል። 2 ጊጋባይት ካላችሁ ወደ 4 ወይም 8 ማሳደግ ይጠቅማል። ታስክ ማኔጀር ላይ «ፐርፎርማንስ»፣ ከዚያ «ሜሞሪ» ብትሉ ስንት የራም መሰኪያ እንዳለ ይነግራችኋል። ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 3 ኤል የሚባሉት የራም ዓይነቶች ይለያያሉ፤ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ኤስኤስዲውን አስቀድሙ።

መብራት

መብራት ሄዶ መምጣቱን የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል፤ በተለይ ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ሲበረታ። ኮምፒውተሩ እየጻፈ ድንገት ሲጠፋ ዊንዶውስ በማግስቱ ዲስኩን ልፈትሽ ብሎ ይቆማል። ያ ፍተሻ ሃርድ ዲስክ ላይ ረጅም ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አታቋርጡት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ አይለይም። ዴስክቶፕ ላላችሁ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግዙ፤ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። መብረቅ ሲጀምር ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። መብራት ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ።

የእህቴ ላፕቶፕ አሁን ከማብሪያው እስከ ጥያቄው ፋይል 55 ሰከንድ ነው። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እንዳትጥለው ነገርኳት፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ገዛንለት። በፈጣኑ መንገድ ፎርማት ሲደረግ ፋይሉ ወዲያው አይጠፋም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ምንም ሳንጽፍበት ሰክተን ፎቶሬክ በሚባል ነጻ ፕሮግራም አስፈለግነው። የተገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ ነው ያስቀመጥነው፤ እዚያው ላይ ማስቀመጥ የቀረውን ይደመስሰዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። የፋይሎቹ ስም ጠፍቷል፣ ግማሹ ፎቶ የተቆረጠ ነው። ከ300 በላይ ግን ደህና ወጣ። ከነሱ መካከል የትልቁ ልጅ ክርስትና ቀን ነበረበት።